የተሸናፊው ተጫራች መብት

ካልገሪ ውስጥ የቢሮ ጽዳት ብዙ ሐበሻ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለበት ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙ፣ ሠራተኛ የቀጠሩ አሉ። ድርጅቱ ጠንከር ሲል ዐይን ወደ መንግሥት ጨረታ መሄዱ አይቀርም፤ ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ደንበኛ ከሆኑ ክፍያው ቢዘገይ እንጂ አይቀርምና። ከዚህ በታች ከሚነጋገሩት አንደኛዋ በደቡብ ምሥራቅ ካልገሪ፣ 17ኛው ጎዳና አካባቢ የጽዳት ድርጅት ያላት ሴት ናት። ሌላው አዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል፣ በኋላም አልበርታ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት የግዥ ቢሮ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራቸው እጠራቸዋለሁ፤ ነጋዴዋና ባለሙያው።

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤው መጣ። ሁለት መስመር ነው። «ያቀረቡት ሰነድ መስፈርቱን ስላላሟላ ወደ ግምገማ አልገባም» ይላል። የእኔ ዋጋ ከሁሉም ዝቅተኛው እንደነበረ ግን ሰምቻለሁ።

ባለሙያው፦ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

ነጋዴዋ፦ ከካልገሪ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ከተማ ናት። ስሟን ይተዉት፤ ነገም እዚያው እጫረታለሁ።

ባለሙያው፦ ይሁን። ምን ጎደለ አሉሽ?

ነጋዴዋ፦ ደውዬ ጠየቅሁ። ጨረታው ከወጣ በኋላ ሁለተኛ አዴንደም፣ የሰነድ ማሻሻያ ማለት ነው፣ ተልኮ ነበር፤ «ደርሶኛል» ብዬ አልፈረምኩበትም። አዴንደሙ የሚናገረው የሕንፃው ጉብኝት ከጠዋት ወደ ከሰዓት መዞሩን ብቻ ነው። ጉብኝቱ ላይ ደግሞ በሰዓቱ ተገኝቻለሁ፣ መዝገቡ ላይም ስሜ አለ። የ5 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንሱን፣ የሠራተኞች ካሳ ቦርዱን (የደብሊው ሲ ቢ) ክሊራንስ፣ የደኅንነት ሰርተፍኬቱን፣ ሁሉንም አሟልቼ በአንዲት ፊርማ? የሚፈልጉትን ሰው አስቀድመው ይዘውታል፤ ሌላ ምን ልበል?

ባለሙያው፦ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አዲስ አበባ ግዥ ክፍል ሳለሁ የተሸነፈ ሁሉ «ጨረታው ተበልቷል» እያለ ይወጣ ነበር። አንዳንዱ እውነቱን ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰነዱን አላነበበም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ምክንያቱ በጽሑፍ ተጠይቆ በጽሑፍ ሲመለስ ነው። በጽሑፍ ጠየቅሽ?

ነጋዴዋ፦ በስልክ ነው የጠየቅሁት። ደግሞስ ቢነግሩኝ ምን እጠቀማለሁ?

ባለሙያው፦ ስልክ መዝገብ አይሆንም። በጁላይ 2017 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የነፃ ንግድ ስምምነት፣ ክፍለ ሀገራቱና የፌዴራሉ መንግሥት እርስ በርስ የገቡት ማለት ነው፣ የተሸነፈ ተጫራች ከጠየቀ ለምን እንዳልተመረጠ መሥሪያ ቤቱ እንዲያስረዳው ያስገድዳል። ማዘጋጃ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎችም በዚህ ይታሰራሉ። ለእነሱ የተቀመጠው ገደብ ሲጀመር ለዕቃና ለአገልግሎት 100,000 ዶላር፣ ለግንባታ 250,000 ዶላር ነበር፤ በየጊዜው ከዋጋው ጋር ይስተካከላል። በ2010 አልበርታ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ሳስካችዋን የጀመሩት፣ ማኒቶባም በኋላ የገባችበት የምዕራቡ ስምምነት ከዚያም ዝቅ ይላል፤ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ግዥ 75,000 ዶላር ከደረሰ በግልጽ ጨረታ መውጣት አለበት። የአንቺ ሥራ ስንት ነበር?

ነጋዴዋ፦ የሦስት ዓመቱ ሲደመር ከ200,000 በላይ።

ባለሙያው፦ እንግዲያው በሁለቱም ውስጥ ነሽ። ማብራሪያው ችሮታ አይደለም፤ ይገባሻል።

ነጋዴዋ፦ የጨረታው ሰነድ መጨረሻ ላይ እኮ «ዝቅተኛውን ወይም ማንኛውንም ዋጋ የመቀበል ግዴታ የለብንም» ይላል። አስቀድመው በሩን ዘግተውታል።

ባለሙያው፦ ያቺን ዐረፍተ ነገር ከሀገር ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉ የሚያልቀው በእሷ ነው፤ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» ነጋዴው ሲያነባት «የፈለግነውን እናደርጋለን» የምትል ትመስለዋለች። ገዥውም እንደዚያ ሲያነባት አይቻለሁ። እዚህ አልበርታ ውስጥ ግን በዚህችው ዐረፍተ ነገር ላይ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር ተካሂዷል። ኤም ጄ ቢ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ተቋራጭ ነው የተከራከረው።

ነጋዴዋ፦ አልሰማሁም።

ባለሙያው፦ ከዚህ ተነስተሽ ወደ ሜዲሲን ሃት ስትሄጂ የሰፊልድ ወታደራዊ ሰፈር አለ። በ1991 ዲፌንስ ኮንስትራክሽን የተባለው የፌዴራል መንግሥት ድርጅት እዚያ የውኃ ማሠራጫና የፓምፕ ቤት ሥራ በጨረታ አወጣ። አራት ተቋራጮች ገቡ። ሰነዱ የሚለው፣ የውኃው ቧንቧ የሚቀበርበት ቦይ በየትኛውም ዓይነት አፈር ቢሞላ ተጫራቹ ለአንድ ሜትር አንድ ዋጋ ያስገባ ነው። መሐንዲሱ በኋላ የትኛውን አፈር እንደሚያዝ ስለማይታወቅ ያንን ሥጋት ተጫራቹ በዋጋው ውስጥ ይሸከማል ማለት ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ ያስገባው ድርጅት ግን በእጁ ጽፎ ማስታወሻ አከለበት፤ «ዋጋዬ በቦታው ባለው አፈር ነው፤ ሌላ ዓይነት ከታዘዘ በየሜትሩ 60 ዶላር ይጨመራል» የሚል። ሌሎቹ ተጫራቾች ተቃወሙ። ገዥው «ይኼ ማብራሪያ እንጂ ሌላ አይደለም» ብሎ ሥራውን ለዚያው ሰጠ።

ነጋዴዋ፦ ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር?

ባለሙያው፦ ኤም ጄ ቢ ነው። ከሰሰ። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተሸነፈ፤ በአልበርታ ይግባኝ ሰሚም ተሸነፈ። ሁለቱም ችሎቶች የተመረኮዙት በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «ዝቅተኛውን ወይም ማንኛውንም የመቀበል ግዴታ የለም ተብሎ ተጽፏል፣ አለቀ» ነው ያሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ገለበጠው። ዐረፍተ ነገሯ ገዥው ከዋጋ ሌላ እንዲያይ፣ ጥራትን፣ ልምድን እንዲመዝን ትፈቅድለታለች፤ ሁሉንም ውድቅ የማድረግ መብትም ትሰጠዋለች። የራሱን ሰነድ ያላከበረ ዋጋ እንዲቀበል ግን አትፈቅድለትም አለ። ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ዋስትና አስይዞ፣ ሥጋቱን በዋጋው ውስጥ የተሸከመ ሰው፣ ሥጋቱን ያልተሸከመ ሊያሸንፍ የሚችልበት ውድድር ውስጥ ለምን ይገባል? ለኤም ጄ ቢ 398,121 ዶላር፣ ያጣው ትርፍ፣ ተፈረደለት።

ነጋዴዋ፦ ይገባዋል።

ባለሙያው፦ የዚህ ሁሉ መሠረት ቀደም ብሎ በ1981 የተጣለ ነው። ሮን ኢንጂነሪንግ የሚባል የኦንታሪዮ ተቋራጭ በ1972 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ፣ ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ከ750,000 ዶላር በላይ ሒሳብ እንደዘለለ አየና ልውጣ አለ። ፍርድ ቤቱ የለም አለው፤ ያስያዘውንም 150,000 ዶላር አጣ። ዋጋሽን ያስገባሽ ዕለት አንድ ውል ተፈጽሟል፤ ዋናው የሥራ ውል ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ሕግ ዐዋቂዎቹ ውል ሀ እና ውል ለ እያሉ ይጠሯቸዋል። በውል ሀ አንቺ ዋጋሽን አትስቢም፤ ገዥው ደግሞ ሰነዱን ያከብራል፣ ተጫራቾችንም በእኩል ዐይን ያያል።

ነጋዴዋ፦ ቆይ ጋሼ። እርስዎ በነገሩኝ ፍርድ መሠረትማ እኔ ኤም ጄ ቢ አይደለሁም። እኔ ማስታወሻ የጨመረው ሰውዬ ነኝ። ሰነዱን ያላሟላሁት፣ ዋጋዬም ዝቅተኛ የሆነው እኔ ነኝ። ለኤም ጄ ቢ የፈረደው ሕግ እኔን ጣለኝ ማለት ነው።

ባለሙያው፦ አዎ፤ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ገዥው ሊረዳሽ ቢፈልግ እንኳ ሁለተኛ የወጣችው ሴት ጠበቃ ይዛ ልትመጣበት ትችላለች። እኔ ቢሮ ሳለሁ ጥሩ ዋጋ፣ ጥሩ ድርጅት እያየሁ በአንድ ገጽ ጉድለት የመለስኩት ሰነድ አለ። እጄ እየከበደኝ ነው የመለስኩት። ያን ቀን የምራራለት ሰው እንደኔ ስደተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ቀን ግን ሌላው ባልደረባ የሚራራው ለጎልፍ ጓደኛው ነው። ዘመድ ለሌለው ሰው የሚበጀው ራርቶ የማይለዋወጥ ደንብ ነው።

ነጋዴዋ፦ የሰውየው ማስታወሻ ዋጋ ይለውጣል። የእኔ ፊርማ ምን ይለውጣል? አንድ ሳንቲም አይለውጥም።

ባለሙያው፦ አሁን ትክክለኛውን ነጥብ ነካሽ። የካናዳ ፍርድ ቤቶች ፍጹም መሟላትን አይጠይቁም፤ የሚያዩት ጉድለቱ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ዋጋውን፣ ሥጋቱን፣ ውድድሩን፣ ነክቷል ወይ የሚለውን ነው። ጥቃቅኑን ገዥው እንዲያልፈው ብዙ ሰነዶች ይፈቅዳሉ። ግን ሰነዱ «አዴንደም ያልፈረመ ውድቅ ይሆናል» ብሎ በግልጽ ከጻፈ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ በጽሑፍ የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። ያ መስፈርት የግድ ነበር ወይ? የግድ ካልሆነ ለማለፍ ሥልጣን ነበራችሁ ወይ፣ ለሌላውስ ተጫራች ተመሳሳይ ጉድለት አልፋችኋል ወይ? የመጨረሻውን ሲመልሱ ተጠንቅቀው ነው የሚመልሱት።

ነጋዴዋ፦ ሌላም አለ። ያሸነፈው ድርጅት በሰነዱ ላይ ቀን ቀን ቋሚ ተቆጣጣሪ አስቀምጣለሁ ብሎ ነው የገባው፤ ሰነዱ ይጠይቅ ነበርና። ሥራው ከተጀመረ በኋላ እዚያ የምትሠራ ልጅ ነገረችኝ፤ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው የለም። እኔ ያንን ሰው ደመወዙን ቆጥሬ ነው ዋጋ ያስገባሁት።

ባለሙያው፦ ይኼ ደግሞ ራሱ እዚህ አልበርታ፣ ኤድመንተን ላይ የተፈረደ ነገር ነው፤ ፍርዱ ግን አያስደስትሽም። በ1986 የኤድመንተን ከተማ ለቆሻሻ መጣያው ከባድ ማሽኖችን ሊከራይ ጨረታ አወጣ፤ ማሽኖቹ የ1980 ወይም ከዚያ በኋላ ሥሪት ይሁኑ አለ። ያሸነፈው ድርጅት ያስገባው ከዚያ የቆየ ማሽን ነበር፤ ሰነዱ ላይ ሲታይ ግን ያሟላ ይመስላል። ከተማው በኋላ ሲያውቅ በአሮጌው ማሽን እንዲሠራ ተወው። የተሸነፈው ደብል ኤን ኧርዝሙቨርስ 21 ዓመት ተሟግቶ በ2007 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ተሸነፈ። ገዥው ተጫራቹ የጻፈው እውነት መሆኑን የመመርመር ግዴታ የለበትም፤ ሥራው ከተሰጠ በኋላ ያለው ደግሞ የገዥውና የአሸናፊው ጉዳይ ነው ተባለ።

ነጋዴዋ፦ ዋሽቶ የገባ አሸነፈ ማለት ነው።

ባለሙያው፦ አራቱ ዳኞች የተቃወሙት ለዚሁ ነው፤ እኔም ከአራቱ ጋር ነኝ። የውድድሩ መስፈርት ከፊርማ በኋላ የሚቀለበስ ከሆነ መስፈርቱን አምኖ ዋጋ ያስገባው ሰው ነው የተቀጣው።

ነጋዴዋ፦ እንግዲህ ያስቡት። አንዱ ከጨረታው እስከ ፍርዱ ስምንት ዓመት፣ አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ። እኔ ለዘጠኝ ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ ደመወዝ እከፍላለሁ። ጠበቃ ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለኝ ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ቀን ደመወዝ ነው። ይኼ መብት ገንዘብ ያለው ሰው መብት ነው ጋሼ።

ባለሙያው፦ አልከራከርሽም። ፌዴራል መሥሪያ ቤት ላይ የተጫረተ ሰው ከአንቺ ይሻላል። የካናዳ ዓለም አቀፍ ንግድ ችሎት የሚባል አለ፤ ቅሬታው በታወቀ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይቀርባል፣ ክፍያ የለውም፣ በአብዛኛው በ90 ቀን ውሳኔ ይሰጣል፣ ውሉ እንዳይፈረም ሊያስቆምም ይችላል። ከገደቡ በታች ላለው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የግዥ እንባ ጠባቂ አለ። የአልበርታ ማዘጋጃ ቤት ግን በእነዚህ ሥር አይደለም። የምዕራቡ ስምምነት በአንድ ገላጋይ ዳኛ የሚታይ የአቤቱታ መንገድ አለው፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ወጪ አለው፣ አብዛኛው ነጋዴም መኖሩን አያውቅም። ሌላው ፍርድ ቤት ነው።

ነጋዴዋ፦ ሀገር ቤትስ?

ባለሙያው፦ በወረቀት ደረጃ ሀገር ቤት ይበልጣል፤ ይኼን ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ተጫራች በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ይል ነበር፤ ካልረካ ለአቤቱታ አጣሪ ቦርድ ያቀርብ ነበር። ለትልቁም ለትንሹም ያው መንገድ ነበር፣ ጠበቃም አያስፈልግም ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፣ ግዥውም ወደ ኤሌክትሮኒክ እየዞረ ነው። ችግሩ አዋጁ ላይ አልነበረም። ነጋዴው አቤት ካለ በሚቀጥለው ጨረታ ስሙ ይያዝብኛል ብሎ ይፈራል። አንቺም ቅድም የከተማዋን ስም ይተዉት ያልሽኝ በዚሁ ፍርሃት ነው።

(እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ይህ ፍርሃት የሀገር ቤት ብቻ ቢመስለንም ካልገሪም ውስጥ አለ። አቤት ያለ ሰው ስም የሚያዝበት ቦታ ሁሉ የግዥ ደንቡ ምንም ያህል ቢያምር ያልተጻፈው ደንብ ይበልጠዋል።)

ነጋዴዋ፦ አቤት ብሎ ያተረፈ አላዩም?

ባለሙያው፦ አይቻለሁ፤ እዚሁ አልበርታ። በ2014 የአልበርታ ጤና አገልግሎት በኤድመንተንና በአካባቢው የላቦራቶሪ ሥራውን ለአውስትራሊያው ሶኒክ ሄልዝኬር ለመስጠት መረጠ። 15 ዓመት፣ 3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሥራውን ይዞ የነበረው ዳይናላይፍ ተሸነፈና መሥሪያ ቤቱ ራሱ ላቋቋመው የተጫራቾች ይግባኝ ጉባኤ አመለከተ። ጉባኤው ሂደቱ ፍትሐዊ አልነበረም አለ፤ በኦገስት 2015 የጤና ሚኒስትሯ ሣራ ሆፍማን ሙሉ በሙሉ ሰረዙት። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ።

ነጋዴዋ፦ ዳይናላይፍ! ካልገሪ ውስጥ ለደም ምርመራ ሳምንታት ያስጠበቀን እሱ አይደለም?

ባለሙያው፦ እሱ ነው። በዲሴምበር 2022 የክፍለ ሀገሩን የማኅበረሰብ ላቦራቶሪ አገልግሎት ሲረከብ ካልገሪም በሥሩ ገባች። በሚቀጥለው በጋ ቀጠሮ ጠፋ፤ በኦገስት 2023 መንግሥት ሥራውን ወደ ሕዝባዊው አልበርታ ፕሪሲዥን ላቦራቶሪስ እመልሳለሁ አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ተመለሰ። ይኼ እንግዲህ ሌላውን ጉዳይ ያመጣል፤ አንድ ላይ አጠቃልሎ የመግዛትን ጉዳይ።

ነጋዴዋ፦ እኔን የሚገድለኝ እሱ ነው። ድሮ ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻ፣ የበረዶ ሜዳው ለብቻ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለብቻ ይወጣ ነበር። አሁን «ሁሉንም ሕንፃ አንድ ድርጅት ይያዝ» ይላሉ። የጽዳት ዕቃውንማ ጭራሽ ጨረታ አያወጡም፤ «በኅብረት ግዥ ነው የምንገዛው» ይሉኛል።

ባለሙያው፦ የአልበርታ ገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር ካኑ የሚባል የኅብረት ግዥ ድርጅት አለው። ብዙ ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች አባል ናቸው። የዚህን ጥቅም ቆሜ እመሰክራለሁ። ሦስት ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ በብዙ ዓመት አንድ የእሳት አደጋ መኪና ትገዛለች። ያንን መኪና በዝርዝር የሚያውቅ፣ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው የላትም። ብቻዋን ስትገዛ ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ይጠይቃታል። ከመቶዎች ጋር ሆና ስትገዛ ዋጋውም ይወርዳል፣ ጨረታውም በሚያውቁት ሰዎች ይመራል። ግሬደሩም፣ ጎማውም፣ የመንገድ ጨውም እንደዚያው ነው።

ነጋዴዋ፦ ጨረታውን የሚያወጣው ማነው?

ባለሙያው፦ አንዳንዱን ካኑ ራሱ። አንዳንዱን ደግሞ አብሮት የሚሠራው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሶርስዌል።

ነጋዴዋ፦ ስለዚህ እኔ ፎረስት ላውን ተቀምጬ ሚኒሶታ ውስጥ የተደረገውን ውድድር እንዴት ልሰማ?

ባለሙያው፦ የካናዳው የነፃ ንግድ ስምምነት አንድ መስኮት ትቷል። በኅብረት ግዥ የሚሳተፍ መሥሪያ ቤት ሁሉ መሳተፉን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጨረታ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቅ አለበት። አልበርታ ውስጥ ይኼ የሚወጣው አልበርታ ፐርቸሲንግ ኮኔክሽን ላይ ነው። ማስታወቂያውን አንብበሽ ወደ ኅብረቱ ገጽ ትሄጃለሽ፤ የእነሱ ጨረታ መቼ እንደሚታደስ ታያለሽ። ሰው የሚያነበው አይመስለኝም፤ ግን አለ።

ነጋዴዋ፦ ባነበውስ? ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ እስከ ኒውፋውንድላንድ ሳሙና አቅርቢ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ?

ባለሙያው፦ አታመጪም። ይኼን ሀገር ቤትም አይተነዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የጽሕፈት መሣሪያውን፣ ጎማውን፣ የቢሮ ዕቃውን በማዕቀፍ ስምምነት ይገዛ ነበር። አንድ ሰው አሸንፎ ለሁሉም ያቀርባል። ዶላር ሲወጣ አቅራቢው በድሮው ዋጋ ላለማቅረብ ይጎተታል፤ መሥሪያ ቤቱ ወረቀት አጥቶ ይቀመጣል፤ ፒያሳ ያለው ነጋዴ ደግሞ ዕቃው በመደርደሪያው ሞልቶ መሸጥ አይችልም። በሌላ በኩል መድኃኒቱን ተመልከቺ። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ለመላው ሀገሪቱ ባይገዛ ኖሮ፣ ደብረ ታቦር ያለ ሆስፒታል ከሕንድ ፋብሪካ ጋር ብቻውን ምን ዋጋ ይደራደራል? ኅብረት የግድ የሆነበት ቦታ አለ።

ነጋዴዋ፦ እና ድንበሩ የት ነው ይላሉ?

ባለሙያው፦ ከፋብሪካ የሚወጣና ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር በኅብረት ይገዛ። የእሳት መኪና፣ መድኃኒት፣ ኮምፒዩተር። በሰው እጅ፣ በዚያው ከተማ የሚሠራ ነገር ግን፣ ጽዳት፣ በረዶ መጥረግ፣ ምግብ ማቅረብ፣ በየሕንፃው ተከፋፍሎ ይውጣ። ሁሉንም ለአንድ ሰው ስትሰጪ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ይረክሳል፤ ሲታደስ ግን የሚወዳደረው ሰው ሥራውን ትቶ ሄዷል። የላቦራቶሪው ነገር ያሳየንም ይኼንኑ ነው፤ ያ አንዱ ሲያቅተው ተተኪ አልነበረም፣ መንግሥት ራሱ ተመልሶ ገባ።

ነጋዴዋ፦ የካልገሪ ከተማ ራሷ እንዴት ናት?

ባለሙያው፦ ከዋጋ ሌላ ለማኅበረሰቡ የሚመጣውን ጥቅም የሚመዝን አሠራር ጀምራለች፤ ቤኔፊት ድሪቭን ፕሮኪዩርመንት ይሉታል። ማንን ትቀጥራላችሁ፣ ስንት ትከፍላላችሁ፣ ለአካባቢ ምን ታደርጋላችሁ የሚል መጠይቅ አለው። እንዳንቺ ያለ ድርጅት ነጥብ የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ባዶ ትተሽ እንዳታልፊ። ደግሞ ካልገሪ ውስጥ የጽዳት ድርጅት ያላችሁ ሐበሾች አታንሱም። ሦስት ሆናችሁ በሽርክና ለምን አትጫረቱም? ብዙ ሰነድ ሽርክናን ይፈቅዳል።

ነጋዴዋ፦ እርስ በርሳችን ዋጋ እየተነጋገርን ጨረታ መግባት ወንጀል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለሙያው፦ በተለያየ ስም ገብታችሁ በስውር ዋጋ ከተስማማችሁ ወንጀል ነው፤ የውድድር ሕጉ በእስር ይቀጣል። በአንድ ሰነድ፣ በግልጽ፣ «እኛ ሦስታችን አብረን ነን» ብላችሁ ከገባችሁ ሽርክና ነው። ልዩነቱን አትዘንጊ፤ ሰው በዚህ ቤቱን አፍርሷል።

ነጋዴዋ፦ እሺ፤ ዛሬ ምን ላድርግ?

ባለሙያው፦ ዛሬ ማታ ደብዳቤውን ጻፊ። ስድብም ክስም አይግባበት። ማብራሪያ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አስገቢ፤ የነጥብ አሰጣጡን ጠይቂ፤ ስለ ተቆጣጣሪውም «ውሉ እንደ ሰነዱ እየተፈጸመ ነው ወይ» ብለሽ ጠይቂ። ይኼን እንደ ተጫራች ሳይሆን እንደ ግብር ከፋይ ነው የምትጠይቂው፤ ካልመለሱ የመረጃ ጥያቄ ማቅረብ ትችያለሽ። ቀኑን መዝግቢ፤ አቤቱታ የሚወድቀው ከእውነት ማነስ ይልቅ በቀን ማለፍ ነው። ለሚቀጥለው ደግሞ ያልገባሽን መስፈርት ሁሉ ጨረታው ሳይዘጋ ጠይቂ። ከተዘጋ በኋላ የተነሳ ቅሬታ «ያኔ ለምን አልጠየቅሽም» ይባላል።

ነጋዴዋ፦ ስሜ ቢያዝስ?

ባለሙያው፦ ይያዝ። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። በጨዋ ቋንቋ በጽሑፍ የሚጠይቅ ተጫራች ሲመጣ ቢሮው ፋይሉን አስተካክሎ ይይዛል።

ንግግራቸው እዚህ ላይ አለቀ፤ ደብዳቤውም በዚያው ሳምንት ተላከ። እኔ የምጨምረው ለሁለት ወገን ነው። የአልበርታ መንግሥት በማዘጋጃ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ጨረታ ለሚሸነፉ ሁሉ ፌዴራሉ ያለውን ዓይነት ችሎት ያቋቁም፤ ያለ ክፍያ፣ በቀናት የሚቆጠር፣ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚያስቆም። ያለዚያ በኤም ጄ ቢ ጉዳይ የተገኘው ትልቅ ፍርድ ስምንት ዓመት መሟገት ለሚችል ብቻ ይቀራል። እናንተ በካልገሪና በዙሪያዋ ለጽዳት፣ ለበረዶ ጠረጋ፣ ለምግብ አቅርቦት የምትጫረቱ ወገኖች ደግሞ፣ ስትሸነፉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ለምን እንደተሸነፋችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ለሚቀጥለው ተጫራች አካፍሉ።